ሽጉጡ የተወለወለበት መሐረብ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥቅምት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አብሮ አደጌ፣ ደብረ ሲና

እንደምን ከርመሻል? የጣርማ በር ብርድ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ከሙቀቱና ከወባው በቀር እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ማሽላው አሽቷል፤ ወፍ ስንጠብቅ ጉሮሯችን ተዘጋ።

ወሬዬ የባሌ የሞገስ ነው። የገበሬ ማኅበራችን አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሆኖልሻል። እናንተ ከተማ ሁለት ሳምንት ሠልጥኖ ሲመለስ አዲስ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ታጥቆ መጣ። ሳያጸዳ እንዳይተኩስ የመከሩት ጎረቤታችን ጋሼ አብዱልሃዲ ናቸው፤ የድሮ ወታደር አይደሉ። አዲስ መሣሪያ ከመጋዘን የሚወጣው በወፍራም ቅባት ተለውሶ ስለሆነ፣ ቅባቱ ከአፈሙዙም ከጥይት ቀዳዳዎቹም ተጠርጎ ካልወጣ አደጋ አለው አሉት።

እሱም ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፎ ተቀመጠ። ጥይቶቹን አራግፎ፣ ሽጉጡን ፈታትቶ፣ በነጭ ጋዝ እያራሰ አንድ በአንድ ሲጠርግ ብታዪው! እፍ ይልባታል፣ ወደ ፀሐይ አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያታል፣ ደግሞ ይጠርጋታል። ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። በብረት ቀናሁ ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ቀናሁ።

ለስላሳ ጨርቅ ሲፈልግ አሮጌ ነጠላዬን ላመጣለት ብነሳ ተይው፣ ጨርቅስ አለኝ ብሎ ከኪሱ መሐረብ አወጣ። ነጭ ነው፤ ጥልፍ አለው። አበባው ቀይ፣ ቅጠሉ ሰማያዊ። ከየት አመጣኸው ስለው ከገበያ ገዛሁት አለ። ቅጠል በሰማያዊ ክር ተጠልፎ ገበያ ላይ አይቼ አላውቅም። የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ቅጠል በሰማያዊ ጠለፍሽ ብለው የማንን እጅ እንደገረፉ ግን አስታውሳለሁ፤ አንቺም አትረሺውም።

ከዚያ በጥርሱ ነክሶ ለሁለት ቀደደው! መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እሰይ፣ ደግ አደረጋት አልኩ። ወዲያው ግን ተናደድኩ። ሴት ልጅ ስንት ቀን አቀርቅራ የጠለፈችውን የቅባት መጥረጊያ ያደርገዋል? ለእሷ ማዘኔ ደግሞ ይብስ አንገበገበኝ። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ስቃጠል ዋልኩ።

አመሻሹ ላይ አንቺን አነሳሁበት። ደብረ ሲና ያን ያህል ሰንብተህ አብሮ አደጌን ሳትጠይቃት መጣህ ወይ አልኩት። ከሠርጋችን ወዲህ አይቻት አላውቅ፣ መልኳም ጠፍቶኛል፣ እንኳን ቤቷን አለኝ፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ነገ ለስብሰባ ወደ እናንተ ይወጣል፤ ይህን ደብዳቤ አሽጌ የምሰጠው ለእሱ ነው። ግማሹን መሐረብ አጥቤ አብሬ አድርጌልሻለሁ፤ በሳሙና ብፈትገውም ቅባቱ እንቢ አለ። መሠረተ ትምህርት ገብቶ ስም ማንበብ ችሏልና ፖስታውን አስቀድሜ አሳየሁት። ስምሽን ፊደል በፊደል አነበበና እሺ፣ አደርሳለሁ አለ።

ቤትሽ የት እንደሆነ አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም።

እመብርሃን ለሦስታችንም ልቦና ትስጠን።

አብሮ አደግሽ