ኩርባ ላይ የሚጠፋው ሞተር

እሑድ፣ ኤፕሪል 13። ጠዋት

ሞተሩ ጠፋ። ኩርባው መሃል፣ በግራ አዘንብዬ፣ ዐይኔ መውጫው ላይ እንዳለ። ከአንዱ ሀይዌይ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ረጅሙ ድልድይ ላይ ነኝ። ከኋላዬ ትልቅ ፒክአፕ። ጋዝ እሰጣለሁ፣ ምንም። የኋላው ጎማ ያዝ አደረገኝ፤ ሞ/ሳይክሉ ወደ ውስጥ ሊተኛ ፈለገ፤ በግድ ቀና አደረግሁት። ቀና ሲል ደግሞ ከኩርባው ወደ ውጭ ወጣብኝ፤ የኮንክሪቱ ግንብ እየቀረበ መጣ። ክርኔ ሊነካው ምንም ሳይቀረው ሞተሩ በራሱ ጊዜ ተነሣ።

በራሱ ጊዜ!

ሞ/ሳይክሉ አዲስ እኮ ነው። የመቀመጫውን ላስቲክ የላጥሁት በቅርቡ ነው። ለእማ አልነገርኋትም። እስካሁን ለአንቺ ለደብተሬ ብቻ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14። ከሥራ መልስ

አስጭኜ ወደገዛሁበት መሸጫ ወሰድሁት። እየነዳሁ አልሄድም ነበር።

የሸጠልኝ እዚያ ተቀጥሮ የሚሠራው ጋሽ ከማል ነው። አንቺ ገና አታውቂውም። ዲቪ ደርሶን የመጣን ጊዜ ኤርፖርት የተቀበለን፣ ዩለስ ከተማ ያለ ቤቱን ሳሎን እግራችንን እስክንተክል የለቀቀልን፣ እማን የመጀመሪያ ሥራዋ ድረስ በመኪናው ያመላለሰ ሰው። ሞ/ሳይክል ልገዛ ነው ስላት እማ እሺ ያለችው ከማን እንደምገዛ ከሰማች በኋላ ነው።

መካኒኩ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ጋሽ ከማልን ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። እኔ እመልሳለሁ፣ እሱ ወደ ጋሽ ከማል እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ለጥ ያለውን ፓርኪንግ በቀስታ ዞረበትና መለሰው። ወረቀቱ ላይ፦ ችግሩ አልታየም፤ የነጂ ስሕተት ሊሆን ይችላል።

የነጂ ስሕተት።

ሥራዬን ታውቂያለሽ። ሪቻርድሰን ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የሰው ፕሮግራም የት ላይ እንደሚወድቅ እፈልጋለሁ፤ ካገኘሁት በኋላ እንደገና እንዲወድቅ አደርገዋለሁ። እኛ ቢሮ «አልታየም» ማለት «ገና አልፈለግሁም» ማለት ነው።

ሞ/ሳይክሉን መልሼ አስጫንሁት፤ ጋሽ ከማል በር ድረስ ሸኘኝ። ሀዩ፣ አዲስ ጫማም መጀመሪያ እግር ይልጣል አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጫማ ግንብ ላይ አይወስድም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 17

አገኘሁት!!

ሦስት ቀን አንድ ጥያቄ። ለምን እዚያ ብቻ? ፓርኪንግ ውስጥ ደህና ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ደህና ነው። ድልድዩ ላይ ምን አለ? መጋጠሚያዎች። ጎማ ሲያልፍባቸው ዱብ የሚያደርጉት። ኩርባ ውስጥ ደግሞ ሞ/ሳይክሉ ወደ ታች ይጫናል፤ ያው ዱብታ በእጥፍ ይመታል። ታዲያ ሲመታ የሚንቀሳቀስ ምን አለ?

የጎን መቆሚያው። ስናቆመው የሚደገፍበት ብረት እግር። ተረስቶ ወርዶ ሰው እንዳይነዳው፣ እግሩ ከወረደ ሞተሩን የሚያጠፋ ሴንሰር አለው፤ እግሩ ሲመለስ ደግሞ የሚሽከረከረው ጎማ ሞተሩን መልሶ ያስነሣዋል።

ሰፈራችን ሌክ ሃይላንድስ፣ አፓርታማችን ሥር። የኋላውን ጎማ አስነሥቼ አስደገፍሁ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ መቆሚያውን በጫማዬ ጫፍ ነካ አደረግሁት። ጠፋ። ደግሜ አስነሣሁ፣ ነካ። ጠፋ። ጮኽሁ። ጎረቤቷ በመስኮት ብቅ ብላ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። በሕይወቴ እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም!

መቆሚያውን ወደ ላይ የሚይዘው ሞላ ላልቷል። የታሰረበት ብረት ጠመም ብሏል። ጠመም ያለው ቦታ ላይ ደግሞ ጥቁር ቀለም፣ ከዙሪያው የበለጠ የሚያብረቀርቅ።

ደስታዬ እዚህ ላይ አለቀ። አዲስ ሞ/ሳይክል ላይ ሌላ አዲስ ቀለም የቀባው ማን ነው?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

ቢላል ከጁምዓ በኋላ መጣ። የአክስቴ ልጅ። ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል፤ እሑድ እሑድ አብረን ስንነዳ ደግሞ ራሱን የሾመ አለቃችን ነው። ባለፈው እሑድ ከሰዓት አብረውን ለሚነዱት ስነግራቸው በሁሉም ፊት የሳቀብኝ እሱ ነው። ዛሬም በዚያው ጀመረ።

«ሴትዮ፣ ኩርባ ላይ ፍሬን እየጨመቅሽ በሞተር አታሳብቢ።»

«ፍሬን አልነካሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። አምጪ ቁልፉን፣ ላስተምርሽ።»

አልሰጥም አልሁ። መቆሚያውን አሳየሁት። ይቺ ናት እንዴ ብሎ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣ። ደረጃው ላይ ተከትዬው «ቀስ በል፣ ከግንቡ ራቅ» እያልሁ ለመንሁት። ሄደ።

ተመለሰ። ሄልሜቱን ሳያወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ። ከሄልሜቱ ውስጥ፣ በታፈነ ድምፅ፦

«ሀዩ፣ ድልድዩ ላይ ጠፋብኝ፤ ወላሂ ሞቼ ነበር።»

ልስቅበት ፈልጌ ነበር። አልመጣልኝም።

መቆሚያውን ፎቶ አንሥቼ ለጋሽ ከማል ቴክስት አደረግሁ። ሰኞ ለመሸጫው ባለቤትም፣ ለመንግሥት የመኪና ደኅንነት ክፍልም አሳውቃለሁ አልሁት። አንብቦታል። አልመለሰም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20። ከሰዓት

ሽማግሌ መጣብኝ። ለጋብቻ ያልመጣ ሽማግሌ ለሞ/ሳይክል መጣ!

የመስጊዳችን ታላቅ ሐጂ ሰይድ፣ ሁለት አባቶች፣ ከኋላቸው ጋሽ ከማል። ዐይኑን ከምንጣፉ አያነሣም። እማ ቴምርና ሻይ ታቀርባለች፤ እያለፈች እግሬን በእግሯ ትነካለች። ተነሺ፣ ሳሚያቸው ማለቷ ነው።

ጋሽ ከማል ተናገረ። ሞ/ሳይክሉ ከጭነት መኪና ሲያወርዱት በጎኑ ወድቋል። አይቷል። ትንሽ ነገር ነው ብሎ አስቃንቶ፣ ቀለም አስነክቶ በአዲስነቱ ሸጠው። ለኔ! ለመሸጫው ባለቤት አልተናገረም። ከታወቀ ሥራው አለቀ፤ ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። ሲያለቅስ ሳየው የዩለሱ ሳሎን ትዝ አለኝ። ማታ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ይስብልኝ ነበር።

ዕርቁ ይኸ ነው፦ ሌላ ሞ/ሳይክል፣ ያው ሞዴል፣ ያው ቀለም፣ ነገውኑ። እኔ ደግሞ ለማንም አልጽፍም፤ አፉ ብዬ፣ ከልቤ ይቅር ብዬ እነሣለሁ። ሐጂ ለዱዓ እጃቸውን አነሡ።

ልለው ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ውስጥ ደርሶ ነበር።

«ይሄኛውስ የት ይሄዳል?» አልሁ።

ጋሽ ከማል ሞላው እንዲጠብቅ ይደረጋል አለ። ማን ያጠብቀዋል? ያው መካኒክ። ከዚያስ? ከዚያማ ይታጠብና ይሸጣል።

እማ ብርጭቆውን በኃይል አስቀመጠች። «ሀያት! ይኼ ሰው በር አልዘጋብንም!»

«አልዘጋብንም እማ። በኔ በኩል አፉ ብየዋለሁ። እኔ ላይ ላደረሰው፣ ከልቤ። ነገ ያን ሞ/ሳይክል የሚገዛው ሰው ሐቅ ግን የኔ አይደለም። በሰው ሐቅ እንዴት አፉ እላለሁ? ሐጂ፣ ይቻላል እንዴ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሐጂ ያነሡትን እጅ መልሰው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። ዱዓው ቀረ። ከዘራቸውን ፈለጉ፤ ሲወጡ ጋሽ ከማልን ብቻ አዩት። «ልጅቱ ከምትናገር ራስህ ብትናገር ይሻልሃል» አሉት።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 21። ከሥራ በፊት

እማ አታናግረኝም። ምሳዬን ግን ቋጥራ በሩ ጋ አስቀምጣለች።

ቢላል ያየውን ሁሉ ጽፎ በስሙ ልኮልኛል። ሞ/ሳይክሉ ታች ቆሟል። መቆሚያውን በሽቦ ጥፍር አድርጌ አሰርሁት፣ ቁልፉ በኪሴ። ለማንም አልመልሰውም፣ ምን እንደሆነ በጽሑፍ እስኪታወቅ ድረስ። ጋሽ ከማል ጠዋት ኮል አድርጎ ነበር። እስከ ምሳ ጠብቂኝ፣ የመሸጫው ባለቤት ጋ እየገባሁ ነው አለ። ድምፁ የደከመ ነው። ይግባ። ከገባ፣ ራሱ ተናግሯል ብዬ እጽፋለሁ፤ ይኸን ለሳሎኑ ስል አደርግለታለሁ። ካልገባም እጽፋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ለደኅንነት ክፍሉ ይላካል።

ውለታውን አልረሳሁም። ዕድሜ ልኬን ስመልስ ብኖር አይከፋኝም፤ በጉልበቴ፣ በጊዜዬ፣ በፈለገው። በማላውቀው ሰው አንገት ግን አልመልስም። እኔን አጠገባቸው አቁመው ስለኔ ለሌላ ሰው ሲያወሩም ከእንግዲህ ዝም ብዬ አልቆምም። የሞተርን ጥፋት የነጂ የሚያደርግ ወረቀት፣ በዱዓ ታሽጎ ቢመጣልኝም እንኳ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።