ማግኔት ያልነካው ድንጋይ

ለእህቴ ለኢቶ፤ ካየንሽ ስድስት ዓመት ሞላን። ጤናሽ እንዴት ነው? ያምሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ? የማርሴይ ብርድስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ፍየሎቹም ከሁለቱ በቀር ብርዱን ተሻግረዋል።

ጥፋቴን ልንገርሽ። ባለፈው ወር በምሥራቅ በኩል ጠጠሩ ሜዳ ላይ እሳት ከሰማይ ወደቀ። አገሩ ሁሉ ፍለጋ ወጣ። በአራተኛው ቀን ድንጋዩን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ጥቁር ነው፣ ጡጫ ያህላል። የሰማይ ድንጋይ ከሌላው ለመለየት ምርኩዜ ጫፍ ላይ ማግኔት እንደማስር ታውቂያለሽ። ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነውና ለጠፍኩበት። ጠቅ ሲል ነው ደብዳቤሽ ትዝ ያለኝ።

ፀሐይ ጨቅላ ሳለች በዙሪያዋ አቧራ ይሽከረከር ነበር፣ ምድርም ሌሎቹ ፈለኮችም ከዚያ ተቦክተው ወጡ፣ እነዚህ ድንጋዮች ከሊጡ ተንጠባጥበው የቀሩ ናቸው ብለሽኝ ነበር። የዚያን ዘመን የማግኔት ስበት በሆዳቸው ይዘው ይኖራሉ፤ የእኛ ማግኔት አንዴ ከነካቸው ግን ይጠፋል። ያልተነካ ከተገኘ የምትሠሪበት ቤተ ሙከራ ቦታውን እንድታዪ ይልክሻል። ይህን አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እጄ ግን ማንበብ አይችልም።

ለእናታችን ስነግራት፣ «አባትህን አህያ እለው የነበረው በከንቱ አይደለም! ልጄን ከደጄ መለስካት» ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ማግኔቱን ከምርኩዜ ፈትታ ጣለችና፣ «ሰማይ አንድ ብቻ አይጥልም፤ ምራኝ» አለችኝ። ሁለተኛውን ያገኘችው ራሷ ናት። በእጇ እንኳ ሳትነካ የሸክላ ድስት ደፋችበት። ከዚያ ወዲህ ድንኳን አስተክላ አጠገቡ ተቀምጣለች። የጎረቤታችን ልጆች ሲመጡ፣ «ኪሳችሁን ገልብጡ! እምቢ ካላችሁ ሱሪያችሁን አውልቃችሁ እለፉ!» ብላ በዱላ ተቀበለቻቸው። ታላቁ፣ «እናቴ፣ ድንጋይ ነው እኮ፣ እንቁላል አይደለም» ቢላት፣ «እንቁላልማ ቢሆን በልቼው ነበር» አለችው።

ሣሩ አልቋል፤ ሰዉ ወደ ተራራው ተነስቷል። እሷ ግን ድስቱን ኢቶ ካላነሳችው አልንቀሳቀስም ብላለች። ውሃ በየሁለት ቀኑ በአህያ አመላልሳለሁ። እስከ ግንቦት አጋማሽ እችላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ፍየሎቹ አይችሉም። ይህን ለአለቃሽ አንብቢለት። እናታችን ስለ ድንጋዩ ጠይቃኝ አታውቅም፤ በየቀኑ የምትጠይቀኝ መኪና በየት በኩል እንደሚመጣ ነው።

ባለቤቴ ቱዳ ትስምሻለች። ልጃችን ዩናስ እጅ ነስቶሻል፤ ቁመቱ አልፎኛል። አጎታችን ሓዱ ዓይኑ ቢደክምም ስምሽን አልረሳም፣ ሰላም በይልኝ ብሏል።

ወንድምሽ ዛይድ
ከአልኒፍ ወዲያ፣ ከጠጠሩ ሜዳ
ሚያዝያ 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.