ጥጥ የተጠቀጠቀበት ብልቃጥ

እህቴ፣
ዳቦ ቤት የጠዋት ተረኛ ነኝ። ልቀሰቅስሽ አንጀቴ አልችል ቢለኝ ነው የጻፍኩልሽ።

የኤች አይ ቪ መድኃኒትሽን ስቆጥር መዋጥ ከነበረብሽ ሦስት ፍሬ ተርፏል። "ዋጥኩ" ስትዪኝ አምኜሽ ነበር። እኔ ዘበኛሽ አይደለሁም፤ ሰለቸኝ።

ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቄበታለሁ፤ ቦርሳሽ ውስጥ አይንሿሿም። መዋጥ ያቆምሽው ጓደኞችሽ ፊት "ኪኒንሽን ዋጥሽ ወይ?" ብዬ ከጮህኩ ወዲህ ነው አይደል?
ምላሴን በቆረጠው።

ሐሙስ ክሊኒክ ቀጠሮ አለሽ። ለነርሷ እውነቱን ንገሪያት፤ አትቆጣም።

ሌላም አለ። ከትራሴ ሥር የኔን የዚሁ መድኃኒት ብልቃጥ አውጥተሽ ቁጠሪው። ከኔም ሁለት ፍሬ ይተርፋል። መዝለሌን ለማንም አልተናገርኩም።
ማታ ሳልመጣ እንዳትተኚ። አብረን እንውጣለን፤ አንቺ እኔን እያየሽ፣ እኔም አንቺን።