የታደለች አረንጓዴ ቀሚስ

ሰኞ፣ ኅዳር ፰። ጠዋት፣ ልብስ ስፌት ሱቄ።
ሦስተኛ ኮሌታ ተበላሸ። የት/ቤት ዩኒፎርም እንኳ አልሰፋልህ አለኝ። ማስታወሻዬ፣ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። ታደለች እስካሁን ዋጫ ከተማ ናት፣ እናቷ ቤት። ሚስትህ የት ሄደች ለሚለኝ ሁሉ እናቷን አሟቸው ነው እላለሁ። አማቴ ከእኔ ይልቅ ጤነኛ ናቸው።

የተጣላነው በቤቱ ካርታ ነው። አዲሱ ካርታ በሁለታችን ስም ይውጣ አለች። መሬቱ የአባቴ ነው አልኳት። ቤቱስ? አለች። ጥያት ወደ ሱቄ ወጣሁ። የጣሪያው ቆርቆሮ የተገዛው እሷ ከቢታ ገነት ኮረሪማ እያመጣች ነግዳ ባገኘችው ብር ነው። አሁን ዝናብ በጣለ ቁጥር ቆርቆሮው ሲንጫጫ ጆሮዬን እይዛለሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱።
የይዞታ መዝጋቢዎቹ ቀበሌያችን ገቡ። ሄድኩ። ጸሐፊዋ ልጅ እግር ናት፣ ትሁት። አስረዳችኝ። ቦታው የውርስ ቢሆንም ቤቱ በትዳር ውስጥ ስለተሠራ የጋራ ነው። ካርታው በባልና ሚስት ስም ይወጣል። ሁለታችንም ቀርበን ፎቶ መነሳት፣ መፈረም አለብን። የእኛ ሰፈር ተራ ዓርብ ያበቃል። ሚስቴ ጥላኝ ሄዳለች ማለት አቃተኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ወረፋ ላይ ነበር። ነገ ይዣት እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ይዣት! ከየት?

ከሰዓት እትዬ አስካለ መጣች፣ ታላቅ እህቴ። መፍትሔ አታጣም። የሰፈር መሳቂያ ከምትሆን እኔ በታደለች ቦታ ልቀመጥልህ አለች። ጸሐፊዋ ለአገሩ እንግዳ ናት፣ በምሳ ሰዓት ሰው ሲያልቅ እንሄዳለን አለች። ሳቅኩ። ግን እምቢ አላልኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፲።
እንዴት ብዬ ልጻፈው።

እትዬ የታደለችን አረንጓዴ ቀሚስ ልልበስ አለች። በተጋባን ዓመት የሰፋሁላትን። ጠበባት። በእነዚህ እጆቼ የጎኑን ስፌት ፈታሁ። ክሩ እምቢ አለኝ። ምላጭ አመጣሁ።

ቀበሌ ስንደርስ ፎቶ አንሺው ተጠጉ አለን። እኔና እህቴ ይበልጥ ተራራቅን። ጸሐፊዋ ሳቀች፣ አፋር ባልና ሚስት መሰልናት። እትዬ ደግሞ ልጅ ሳለሁ እንደለመደችው ጣቷን በምራቅ አርሳ ጉንጬን ጠረገችልኝ። ፊቴ ነደደ። ከዚያ የባለቤትዎ መታወቂያስ? አለችኝ ጸሐፊዋ። ረስተነው ነው አልኩ። ችግር የለም፣ ዓርብ ይዘው ይምጡ አለች። ትሕትናዋ ገደለኝ።

መታወቂያው ዋጫ ነው። ከባለቤቱ ጋር።

አፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት። በታደለች ስም፣ በታደለች ቀሚስ ሌላ ሰው አስቀመጥኩ። ቤቷን የሠራችው ሴት ምስል ካርታው ላይ እንዳይኖር አደረግኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፩። ዋጫ።
በጠዋት መኪና መጣሁ። አሟቸው ነው ያልኩባቸውን አማቴን እሸት ቡና ፀሐይ ላይ ሊያሰጡ ጆንያ ተሸክመው ደጅ ላይ አገኘኋቸው። ደህና ነህ ወይ ልጄ አሉኝ። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ለታደለች ሁሉንም ነገርኳት። የእትዬ ምራቅ ላይ ስደርስ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«የትኛውን ቀሚስ ለበሰች?»

አረንጓዴውን አልኳት።

«እንዴት በቃት?»

ምላጭ የያዙትን ጣቶቼን ኪሴ ከተትኩ። ስፌቱን እንደፈታሁት አወቀች። ያን ቀሚስ ስሰፋ መብራት ጠፍቶ ኩራዝ የያዘችልኝ እሷ ናት። ነገ እመጣለሁ አለች። ግን እሷ ከመግባቷ በፊት ብቻዬን ገብቼ ያደረግሁትን ለጸሐፊዋ እንድናገር ፈለገች። ካርታው ላይ የሚወጣውን ስሜን ደግሞ እንደ ስጦታ አትስጠኝ፣ የራሴ ነው አለች። እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር ፲፪። ቀበሌ፣ በር ላይ።
ማታ የቀሚሱን ስፌት መለስኩት። የድሮው መስመር ላይ አልገጥም አለኝ፣ የመርፌው ቀዳዳዎች ይታያሉ። ታደለች አየችው። ምንም ሳትል ለበሰችው። አሁን ከኋላዬ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ መታወቂያዋ በእጇ።

እትዬ ደወለች። አላነሳሁም።

ወረፋው ጎረቤት በጎረቤት ነው። ዛሬ የምሳ ሰዓት አልጠበቅኩም። እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ። ይስሙ። ጸሐፊዋ ቀና አለች። እኔን አየች፣ ከዚያ ቀሚሱን፣ ከዚያ ታደለችን። ስሜን ጠራች። ገባሁ በቃ። መጀመሪያ የምላት፣ ረቡዕ ይዣት የመጣኋት ሴት ሚስቴ አይደለችም፣ እህቴ ናት።