በቴፕ የተመለሱት አባታችን

ይድረስ ለወንድምዓለም ለጸጋዬ ሙላው፣
ምጽዋ

ወንድምዓለሜ፣ እንደምን ከርመሃል? የባሕሩ ወበቅ እንዴት ይዞሃል? በደጋ ብርድ ያደገ ገላህ ያን ሙቀት እንዴት እንደቻለው ሳስብ ሆዴ ይባባል። ወገብህንስ ተሻለህ? ተዋበችስ? ልጆቹስ? እኔ በአካል ደህና ነኝ። እማዬም እህል መቅመስ ጀምራለች። «ጀምራለች» ማለቴ እንዳያስደነግጥህ፤ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልንገርህ።

በሙዚቃ ትምህርት ቤታችን ከኩባንያዎችና ከውጭ አገር በጎ አድራጊ ድርጅቶች እርዳታ የሚያሰባስበውን ክፍል እንድመራ ከተሾምኩ ወዲህ ሥራዬ የባለጸጋ ደጅ መጥናት ሆኗል። ዘንድሮ የምንለምነው ለበገና ተማሪዎች ክፍል ማሠሪያ ነው። የሚማሩት የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ነውና ክረምት በመጣ ቁጥር የበገናው ቆዳ ይረጥብና ድምፁ ይታፈናል። መስከረም ላይ የበገና መምህሩ አቶ ታፈረ ከዕቃ ቤት አንድ የቴፕ ክር ይዘው መጡና «ውብነሽ፣ እስቲ ይህን ስሚ» አሉኝ። ከዓመታት በፊት በሁዳዴ ስማዳ ድረስ ሄደው የቀዱት ነው። አባባ ናቸው፣ ጸጋዬ! ባረፉበት ዓመት የደረደሩት። መሐል ላይ ሳል ያቋርጣቸዋል፤ በገናውን ገታ ያደርጉና «ጌጤ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» ይሏታል እማዬን። ከዚያ ይቀጥላሉ።

ያን ድምፅ ይዤ በየቢሮው ዞርኩ። ሰዓቱን እያየ የሚቀበለኝ ሥራ አስኪያጅ ሁሉ ቴፑ ሲከፈት አንገቱን ይደፋል። እኔን ግን ሳሉ እቤቴ ድረስ ይከተለኝ ጀመር። እንጀራ ስቆርስ፣ ፀጉሬን ስጎነጎን ከጀርባዬ ያስላሉ፤ ዞር ስል ማንም የለም።

ኅዳር ሲገባ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ክፍሉን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው አሠራለሁ አሉ። በምላሹ የፈለጉት የአባባ ድምፅ በሬዲዮ የሳሙናቸው ማስታወቂያ መክፈቻ እንዲሆን ነው። ትምህርት ቤቱ በደስታ ዘለለ። እኔ ቤተሰብ ሳይጠየቅ አይሆንም ብዬ ክሩንና የቴፕ መሣሪያውን ይዤ ስማዳ ወደ እማዬ ሄድኩ።

ስከፍተው ምስር ትለቅም ነበር። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። «ጌጤ፣ በሩን ዝጊው» ሲሉ እጇን አራግፋ ተነሣችና በሩን ዘጋችው። ያደረገችውን ያወቀችው ተመልሳ ስትቀመጥ ነው። ፊቷ አመድ መሰለ።

ከዚያ ወዲያ ነገሯ ሁሉ «ክፈቺው» ብቻ ሆነ። ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሮ የሚያየው አጣ። ምሳ ሲቀርብ ለእሳቸውም ታስቀምጣለች፤ እሷ አትቀምስም። ሲያስሉ «ደረቅ ሳል ነው፣ ተልባ ላምጣልዎ?» ትላለች። ጎረቤቱ «ሙላው በሣጥን ገብተው መጡ» እያለ በደጃችን ማለፍ ተወ። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ሕይወት መጥተው መሣሪያውን ከሩቅ አዩና «ልጄ፣ ነፍሳቸውን ከዕረፍቷ አትጎትቻት» አሉኝ። ያመጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመሣሪያው የባትሪ ድንጋይ ደከመ። የአባባ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ አንዱ ቃል ከአንዱ እየራቀ ሄደ። እማዬ ብድግ አለች። «እንዲህ ነበር የሄዱብኝ! አንቺ አልነበርሽም፤ የሰማሁት እኔ ነኝ። ዝጊው! ሁለት ጊዜ አትግደያቸው!»

ወገዳ ገበያ ወጥቼ ሌላ ድንጋይ መግዛት እችል ነበር። አልገዛሁም። በማግሥቱ ጠዋት «የሳሙናው ሰውዬ ይህን በየቀኑ ሊያስጮኸው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። «ድምፃቸው የተቀዳበት ሌላ ክርስ አለ?» አለች። ይህ ብቻ ነው አልኳት። ክሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ወደ ሚካኤል ወሰደችኝ። አባ ገብረ ሕይወት ሥጋ ያልሆነ ነገር አይቀበርም ብለው ተከራከሩ። «ሥጋ ካልሆነ ታዲያ እህል የከለከለኝ ምንድን ነው?» አለቻቸው። በአባባ ራስጌ በገዛ እጇ ቆፍራ ቀበረችው። የበገናው ክፍልም አብሮ እየተቀበረ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እጇን ግን አልያዝኩም።

እቤት ስንመለስ ሽሮ አበጅታ በላች። ቀጥላ በገናቸውን ከግድግዳው አወረደችና በጋቢ ጠቅልላ አስታቀፈችኝ። «ድምፃቸው የኔ ነው። ይህ ግን እንጨት ነው፤ ልጆች ይማሩበት። የጸጋዬም ድርሻ አለበትና አስፈቅጂው» አለች። እንግዲህ ፈቃድህን ጻፍልኝ። ለሳሙናው ሰውዬ እምቢታችንን እነግራቸዋለሁ። በጥር የአንድ የውጭ አገር ድርጅት ተወካይ ይመጣሉ፤ ያለ አባባ ድምፅ ፊታቸው ስቆም ከምን እንደምጀምር አላውቅም።

ከስማዳ ወደዚህ ወደ እስቴ ስንመጣ በገናው በበቅሎዋ ኮርቻ ላይ ታስሮ ነበር። አፋፉ ላይ ስንደርስ አንድ አውታር ብቻውን ጮኸ። ፈንታ የተባለው በቅሎ ነጂ ቀጥ ብሎ ቆመና «እትዬ፣ የነካው አለ?» አለኝ። «ነፋስ ነው» አልኩት። እሱ ግን ቁልቁል ወደ አውድማዎቹ አየ። ገበሬዎቹ የሚያዘሩበት ነፋስ አጥተው መንሻቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

ተዋበችን ጉንጯን ሳምልኝ። ተክለሃይማኖት ጥርሱን ነቀለ ወይ? ትንሿን አመተ ማርያምን አክስትሽ ናፍቃሻለች በላት። እማዬ አንድ በአንድ ስማችሁን እየጠራች ሰላም ብላችኋለች፤ የአንተን ስትጠራ ግን ድምፅህን በሣጥን ሳይሆን በአካልህ ይዘህ ና ብላሃለች።

እህትህ ውብነሽ ሙላው

መካነ ኢየሱስ፣ የደብረ ታቦርን መኪና ስጠብቅ
ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.