የመቅረጫው ኮምፒውተር ሲራቆት

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው። ወርክሾፕ ዋልኩ። የመቅረጫው ማሽን ሌላ የበር ጣውላ አበላሸ። አበባውን አሳምሮ ሲቀርጽ ቆየና... ዘለል ብሎ አንገቱን ቀነጠሰው። ልጄ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ማሽኑን ያስገዛችው የልጅ ልጄ ናት፤ በእሷ ላይ ጮኸ።

“አንድ በር ደግሞ ቢበላሽ ማሽኑ ለሻጩ ይመለሳል! አንቺም ቢሮ ገብተሽ ስልክ ታነሻለሽ!”

እሷ ስልክ ልታነሳ? አንድ ደንበኛ አይተርፈንም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጥፋቱ የኮምፒውተሩ ነው አለች። “አባባ፣ ለማሽኑ በየቅጽበቱ ትእዛዝ መስጠት አለበት። ሌላ ሥራ ከጠራው ይዘገያል፤ ሲዘገይ መቁረጫው ይስታል።” ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ልታራቁተው ነው። ለማሽኑ የሚያስፈልገው ብቻ ይቀራል።

“ያለሱ አንሠራም የምትሉትን ጻፉ” ብላ ወረቀት አዞረች። ልጄ፦ ፕሪንተር፣ ኢንተርኔት፣ የኳስ ውጤት... ለሥራ ነው አለ! ምራቴ፦ ሙዚቃ፣ ስክሪኑ ላይ የሚዋኙት ዓሦች። “ዓሦቹ ደግሞ ምን አደረጉሽ?” አለቻት።

እኔ ባዶ ወረቀት መለስኩ። “ከአባባ ተማሩ!” ተባለ። ደረቴን ነፋሁ።

ቼዜን ማን ይጽፋል? ሰው ምሳ ሲሄድ “ማሽኑን ልጠብቅ” እላለሁ። ቼዙ ያለበትን ፍላሼን ኮምፒውተሩ ላይ እሰካለሁ። ማሽኑ ይቀርጻል፣ እኔ እሸነፋለሁ። ማንን ጎዳሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ዓሦቹ አለቁ። ኳሱም ሙዚቃውም ሄደ። የቀረው አንድ ባዶ መስኮት ነው። ጣውላ ሳታስገባ መዘግየቱን ስትለካ ዋለች። ጠዋት፣ ቁጥሩ ትንሽዬ። ከምሳ ስትመለስ... ጣሪያ ነክቷል!

“ሁሉን አውጥቼ? እንግዲህ የማልችለው እኔ ነኝ።” ዓይኗ እንባ ሞላ። ለአባቷ ራሷ ነገረችው፤ “ማሽኑን መልሰው” አለችው።

ከምሳ ስትመለስ... እኔ ደግሞ በምሳ ሰዓት ቼዜን... ወይ ጉዴ!

ዓርብ፣ ኅዳር 7

ልጄ ለሻጩ ሊደውል ስልኩን አንስቷል። “ዝጋው” አልኩት። ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ተናዘዝኩ።

ምራቴ ቀደመች። “ታዲያ ዓሦቼ በማን ጥፋት ነው ያለቁት?”

የልጅ ልጄ ፍላሹን አነሳች። “አባባ፣ ቢያንስ አሸንፈው ያውቃሉ?”

“አንድም ቀን።”

መጀመሪያ የሳቀው ልጄ ነው። ስልኩን ዘጋው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

ዘጠኝ በር ተቀረጸ፤ የተቀነጠሰ አበባ የለም። በምሳ ሰዓት አሁንም ጠባቂው እኔው ነኝ፤ ግን ከክፍሉ ውጭ፣ በርጩማ ላይ። ማንም አይገባም፣ እኔንም ጨምሮ።

ዛሬ ልጄ መጣ። “አንዴ ልየው።”

“ፈቃድ አምጣ።”

“አባዬ፣ ወርክሾፑ የኔ ነው እኮ!”

“እሷን ጠይቃት።”

ሄዶ ጠየቃት። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። በተዘጋው በር በኩል የማሽኑን ድምፅ ሰማን... አንዴም አልተቆራረጠም።