በመዳፍ የሚቀመስ

ጥቅምት 14፣ ሰኞ፣ ረፋድ

ጥንስሱን ከድኜ ሳልጨርስ ከግቢ ተጠራሁ። ግሪኩ ነጋዴ በጊኒር በኩል መጥቷል፤ ለፊታውራሪ ሦስት ጠርሙስ ውስኪ ይዞ። ጎባ ውስጥ አረቄ የሚለይ ምላስ የእኔ ብቻ ነው ተባለ። ጉልበቴን ያመኛል። ሄድሁ።

ደንቡን ላስታውስህ፣ አንተ ደብተር። የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። ተንኮል ከመጠጡ ጋር እንዳይገባ።

አንደኛው፦ የሪራ ማር ይሸታል። ለስላሳ። ጉሮሮ ላይ አይቆይም፤ ለወይዘሮ እንጂ ለወታደር አይሆንም።

ሁለተኛው፦ ቀለሙ ያምራል፣ ውስጡ ባዶ። በመዳፎቼ መካከል አሸሁት፤ ሽታው ወዲያው ጠፋ። ውሃ ገብቶበታል አልኩ። ግሪኩ ፊቱ ቀላ።

ሦስተኛው፦ ጢስ። ገብስ። ያረረ ገብስ።

መዳፌን ቶሎ በቀሚሴ ጠረግሁ። ምን ሆንሽ አሉኝ። ብርቱ ነው አልኩ።

ፊታውራሪ ሦስተኛውን ወደዱት። ያለው አንድ ጠርሙስ ነው፤ ለኅዳር ሚካኤል ደግሞ ትልቅ እንግዳ ይመጣል። "የሺ፣ ይህንኑ አውጪልኝ" አሉ። ግሪኩን በአስተርጓሚ ጠየቅሁ። ብቅሉ በጢስ ይደርቃል፣ አረቄው እንጨት ውስጥ ይተኛል፣ ቀለሙም ከእንጨቱ ነው አለ።

አዛዥ ድ. ከጎን ቆሞ ይስቃል። የግቢው የመጠጥ ሹም ነው፤ ስሙን ለመሙላት ቀለም አላባክንም። የሟች ባሌን መሬት ያልገባኝ ወረቀት ላይ በአውራ ጣቴ አስፈርሞ የወሰደብኝ እሱ ነው። ፊደል የቆጠርሁት በእሱ የተነሳ ነው፤ በሃምሳ ዓመቴ፣ ከሕፃናት ጋር መሬት ተቀምጬ።

"እሜቴ ካልሆነላቸው ቤታቸውን ለሌላ አረቄ አውጪ እንሰጠዋለን" አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ጥቅምት 16፣ ረቡዕ

ጢሱ ከአፌ አልወጣም። አውቀዋለሁ።

ወደዚህ አገር ከጦሩ ጋር ስንገባ ልጅ እግር ነበርሁ፤ የወታደር ሚስት፣ ድስት ተሸካሚ። ባሌና ጓደኞቹ ከጎባ በታች የገብስ ጎተራ አቃጠሉ። ሦስት ቀን ጨሰ። ርቦን ነበር። አመዱን ጭረን ያረረውን ገብስ በላን። ጣፈጠኝ። ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁም።

ጎተራው የሐዋ አባት ንብረት ነበር፤ ኋላ ቤተሰቧ የእኛ ገባር ሆነ። መሬታችን ሲወሰድ ገባሮቹም አብረው ሄዱ። ሐዋ ብቻ ማንም ሳያዛት ገብስ ይዛልኝ ትመጣለች። ለምን እንደምትመጣ ጠይቄያት አላውቅም። እፈራለሁ።

ጥቅምት 21፣ ሰኞ

ብቅሉን እያጨስን ነው። በወይራ፤ እነሐዋ የወተት ዕቃ በሚያጥኑበት። በቋንቋቸው ኤጄርሳ ይሉታል። ደረቅ ጭራሮ ከቤቷ አመጣችልኝ።

"አዮ፣ ፊታውራሪ የወተት ዕቃችንን ሊጠጡት ነው እንዴ?" አለች፤ አዮ በእነሱ እናት ማለት ነው። ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ።

አረቄው የሚተኛበት ወፍራም እንጨት ግን የለንም። ሐዋ ልቁረጥ ብትል አዛዥ ድ. ከለከለ። ጫካው የግቢ ነው፣ የራሴ ሰዎች ያመጣሉ አለ። ሐዋ እህቷ ወልዳ ወደ ገሰራ ሄደች።

ጥቅምት 28፣ ሰኞ

አረቄው ወጣ። ጥሩ ነው። በእሳት ሞከርሁት፤ ነበልባሉ ሰማያዊ፣ ጸጥ ያለ።

የአዛዡ እንጨት መጣ። ተልጦ፣ ተፈልጦ። ቅጠል የለውም። ወይራ ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። "እኔ ወይራ የማላውቅ መሰለዎት? ወይራ ሥር አይደል የተወለድሁት?" አለ። እሱ የተወለደበት አገር ወይራ እዚህ ካለው ጋር አንድ ይሁን አይሁን እንጃ። ፍልጡን በእሳት ለብለብ አድርጌ ማሰሮው ውስጥ ከተትሁ። አፉን በጭቃ መረግሁ። አንድ ፍልጥ ተርፎ ከበሩ ኋላ ቆሟል።

የምቀባጥረው ለምንድን ነው? ደስ አላለኝም።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ከፈትሁት። ቀለሙ የግሪኩን ያስንቃል። መዳፌ ላይ አንድ ጠብታ። ምላሴን ነካ አደረግሁ።

መራራ። የጌሾ ምሬት አይደለም። ተፋሁት። ከንፈሬ ደነዘዘ። መሬት የፈሰሰውን ዶሮዬ ጠጣች። ቀትር ሳይደርስ በጎኗ ወደቀች። ልቤ ሲዘል ይሰማኛል። መጻፍ አልችልም

ኅዳር 9፣ ዓርብ

ደህና ነኝ። ሐዋ ከገሰራ ተመለሰች። ከበሩ ኋላ ያለውን ፍልጥ ስታይ የያዘችውን እንቅብ ጣለች። በጨርቅ ይዛ አሸተተችው። ቀራሩ ነው አለች። አባቶቿ የቀስት ጫፍ የሚመርዙበት። ቅጠሉ ወይራ ስለሚመስል ከሰሜን የመጣ ሰው አይለየውም። ቀመሱት ወይ ብላ ጮኸችብኝ። ወተት ጋተችኝ።

ዝም ብትል ኖሮ መርዙ ከእንጨቱ መሆኑን ባላወቅሁ፤ አዲስ አረቄም በዚያው ፍልጥ ባስተኛሁ ነበር። ሌላ የምከፍላት አልነበረኝም፤ የጎተራውን ነገር ነገርኋት። ሁሉንም። ታውቅ ኖሯል። ያኔ ልጅ ነበረች፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆና አመዱን ስንጭር አይታናለች።

"ታዲያ ለምን ትመጪያለሽ?"

"አንድ ቀን ይነግሩኛል ብዬ ነዋ፣ አዮ።"

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ለአዛዥ ድ. ነገርሁት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ስለ ዶሮዋ ጠየቀ። ዓይኑ ማሰሮው ላይ መቆም አልቻለም። ግን አንዴ ወይራ ነው ብያለሁ፣ ወይራ ነው አለ። ለሰኞው የሚካኤል ግብር ይቀርባል አለ። መጥፎ ከሆነ የበከለችው ሐዋ ናት፤ መርዙን የምታውቅ እሷ፣ ቤትሽ የምትገባ እሷ። ማሰሮውን ብትሰብሪም እሷ ሰበረችው እላለሁ አለኝ፤ አንቱታውም ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ዘበኛ ሐዋን ከቤቷ ወሰዷት። የግቢው ጎተራ ውስጥ ታስራለች። ከእንግዶቹ አንዱ ቢታመም በገበያ ቀን ትሰቀላለች ተባለ።

ፊታውራሪ ዘንድ ልገባ ሄድሁ። በር ላይ መለሱኝ። በሩንስ የሚያዝ ከአዛዥ ድ. ሌላ ማን ሆነና።

ኅዳር 11፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ

ፍልጡን ማን እንደቆረጠ፣ ማን እንዳመጣ፣ ሐዋ በዚያ ቀን ገሰራ እንደነበረች በሌላ ወረቀት ጽፌ ፊደል ላስቆጠሩኝ መሪጌታ ሰጠሁ። የእጄ ጽሑፍ አያምርም። ይነበባል።

ነገ ማሰሮውን ይዤ እገባለሁ። በደንቡ መዳፌን መዘርጋት አለብኝ። አልዘረጋም። ፊታውራሪ ፊት፣ እንግዳው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እላለሁ፦ የዚህ አረቄ ጣዕም ከእንጨቱ ነው፤ እንጨቱን የሰጡት አዛዥ ናቸው፤ የመጀመሪያው መዳፍ የእሳቸው ይሁን። እጁን ከሰበሰበ ሁሉም ያያል፤ ሐዋም ትፈታለች።

ሙሉ ስሙን ዛሬ እጽፈዋለሁ። ቀለሙ ይለቅ። አዛዥ ድልነሳ።

ኩሩ ሰው ነው። ሰው እያየው እጁን የሚሰበስብ አይመስለኝም። መዳፉን ከዘረጋ ደግሞ፣ እኔ ማሰሮውን ለሞቱ አዘነብልለት ይሆን?